የፍልሰታው ቅኝት

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ስልኩን አላጠፋሁትም። ባትሪው ሲያልቅ እሰካዋለሁ፣ ሲሞላ ከመጻሕፍቱ አጠገብ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ጊዜ ይጮኻል። አንዲት ሩቅ ቀበሌ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማረፉን አልሰማች ይሆናል፣ ወይም ቁጥሩን ከስልኳ ማውጣቱ ከብዷት ይሆናል፣ የሳምንቱን መልእክት አሁንም ለእሱ ትልካለች። ወባ ይህን ያህል፣ ኩፍኝ ዜሮ፣ ማጅራት ገትር ዜሮ፣ አተት ዜሮ። አነበዋለሁ። መልስ አልሰጥም፤ ምን ብዬ እመልሳለሁ።

አተት የሚሉት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከትን ነው። አንድ ክረምት እኛም ዘንድ ገብቶ ነበር። ስለዚያ ክረምት ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ እሱ እያለ ይጽፈዋል ብዬ ትቼው ነበር። እሱ የሚጽፈው ሪፖርት ብቻ ሆነና ሳይጽፈው ቀረ።

ባለቤቴ እዚህ ማርቆስ ከተማ ጤና መሥሪያ ቤት ውስጥ የበሽታ ቅኝት ባለሙያ ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ሰው ሲጠይቀው «ወሬ መሰብሰብ» ይል ነበር። እውነቱን ነው። የትኛው ቀበሌ ምን ታመመ፣ ካለፈው ሳምንት ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ሳይዛመት በፊት ማወቅ ነበር ሥራው። ስንጋባ ይህ ወሬ በወረቀት ነበር የሚመጣው። የገጠሩ ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ቅጹን ሞልቶ ለገበያተኛ ይሰጣል፣ ገበያተኛው ለአውቶቡስ ረዳት፣ ረዳቱ መናኸሪያ ሲደርስ ትዝ ካለው ያደርሳል። ወረቀቱ ቢሮ ሲገባ በሽተኛው ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል። አንድ ክረምት በዝናብ የራሰ የኩፍኝ ሪፖርት ቤት ይዞ መጥቶ ከምድጃው አጠገብ ሲያደርቅ አይቼዋለሁ። ወረቀቱ ደረቀ፤ ቀለሙ ግን ፈስሶ ቁጥሩ አይለይም ነበር።

ኋላ የእጅ ስልክ መጣ። ከዚያም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ጭምር የሚልክ ስልክ መጣ። ሪፖርቱ በመልእክት ይገባል፣ እሱ ላፕቶፑ ላይ ይሰበስበዋል፣ እያንዳንዱ ታማሚ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ይሆናል። ማክሰኞ ቤታችን ስልክ ሲጮኽ ይውል ነበር። ሪፖርት ላኪዎቹ ሁሉ ሴቶች ስለሆኑ ጎረቤቴ ታሾፍብኝ ነበር፦ «መምህርት፣ ያንቺ ባል እኮ በየቀበሌው ሚስት አለችው። ማክሰኞ ማክሰኞ ተራቸው ነው።» እሱም ሰምቶ ሳቀና ከሁሉም የሚያሳስቡት የማይደውሉት እንደሆኑ ነገራት። ዜሮ ብላ የላከች አይታለች፤ ዝም ያለች ግን አይታ ይሁን ሳታይ አይታወቅም። ዝምታን እንደ ዜሮ አትቁጠሩ እያለ በየስልጠናው ያስተምር ነበር።

በዚያ ክረምት ችግሩ ዝምታ አልነበረም። ሁሉም ልከዋል። ነሐሴ እንደገባ ቀያይ ነጥቦች መታየት ጀመሩ። አንዱ ከደምበጫ በኩል፣ ሁለቱ ከቁይ ገጠር፣ ሌላው ከዲማ አካባቢ፣ አንዱ ደግሞ እዚሁ ማርቆስ ከመናኸሪያው ጀርባ። የሞቱም ነበሩባቸው። የሕክምና ቡድን ወደየቦታው ሄዶ የምንጩን ውሃ መረመረ፣ መድኃኒት አደለ፤ የተገኘ ነገር የለም። ነጥቦቹ ግን መጨመራቸውን አልተዉም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ ተራርቀው። እሱ ገበታ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ያያል፣ እንጀራው እፊቱ ይደርቃል። አንድ ወንዝ አያገናኛቸውም ይለኛል። አንድ ገበያ አያገናኛቸውም። አለቃው ጠዋት ጠዋት እየደወለ ከየት ነው የሚመጣው ይለዋል፤ አላወቅሁም ማለት ሰልችቶት ነበር።

አማቴ በዚያን ጊዜ ቤት አልነበሩም። ፍልሰታ ሲገባ ከቁይ አልፎ ካለ አንድ ጸበል ሱባዔ ሊይዙ ሄደው ነበር። የቦታውን ስም አልጽፍም፤ ዛሬም ሰው የሚድንበት ቦታ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና ጾሙ እስኪፈታ ሊጠመቁበት ተስለዋል። ለልጃቸው ስልክ መደወል አይወዱም፤ «የሱ ስልክማ የመንግሥት ነው» ይላሉ። ስለዚህ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከአንዲት መነኩሴ ስልክ ተውሰው ለኔ ደወሉ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት በሰው እንድልክላቸው ፈለጉ። ለማን ነው ብዬ ጠየቅሁ።

«ለጎረቤቴ ነው እንጂ» አሉኝ። «አጠገቤ የተኛችው ሴትዮ ደክማለች። ጸበሉ እያወጣላት ነው፤ ከላይም ከታችም። ትናንትም ለሌሎቹ አውጥቶላቸው ተሸኝተዋል።»

«እርስዎስ እማማ?»

«እኔማ ምን ሆናለሁ። ይኸው በአሹቅ ቆሜ እሄዳለሁ።»

ባለቤቴ ለምሳ ሲመጣ ሳህኑን እያቀረብኩ እናትህ ሎሚ ላኪ አሉኝ አልኩት። ለማን እንደሆነም ነገርኩት። ጉርሻውን ከሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው። «እንዳሉሽ ንገሪኝ፤ ቃላቸውን» አለኝ። እንዳሉኝ ነገርኩት።

የገጠር ቄስ ልጅ ነው፤ አስኳላ ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት ከርሟል። ስለዚህ እናቱ ምን እንዳሉ ወዲያው ገብቶታል። ጸበል የጠጣ ሰው ሲያስመልሰው፣ ሆዱ ሲሄድ፣ እኛ ዘንድ መታመም አይባልም። የተደረገበት ነገር ወጣለት፣ ርኩሱ ለቀቀው ይባላል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ዘመድ ሲሰማ ተመስገን ይላል። ስለዚህ ወደ ጤና ኬላ የሚሄድ የለም። የጸበሉ ቀበሌ ሠራተኛም የምትጠብቀው የራሷን አባወራዎች ነውና፣ እነሱ ደኅና ስለሆኑ፣ በየሳምንቱ በንጹሕ ልብ ዜሮ ትልክ ነበር። ጸበልተኛው «ከወጣለት» በኋላ ደክሞ ወደየአገሩ ይመለሳል፣ እዚያ ይወድቃል፣ ቅጹም የት ትኖራለህ ብሎ ስለሚጠይቅ ነጥቡ ከመኖሪያው ላይ ያርፋል። የት ሰነበትክ ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ አልነበረም።

ምሳውን ሳይጨርስ መደወል ጀመረ። ለየቀበሌዋ ሠራተኛ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፦ የታመመው ሰው ከመታመሙ በፊት ጸበል ሄዶ ነበር ወይ? መልሱ ከሰዓት በኋላ መልእክት በመልእክት ላይ ሆኖ ገባ። ከደምበጫው ጀምሮ ሄዶ ነበር፣ ሄዳ ነበር ይላል። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ደግሞ እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ አንድ ቀን አድሮ የተመለሰ ነው። ሁሉም የሄዱት እናቱ ካሉበት ነው።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ አስቀመጠ። ከዚያ በኔ ስልክ ለዚያችው መነኩሴ መልሶ ደወለላት። እናቱ ቅዳሴ ገብተዋል፤ አልተገኙም።

በማግስቱ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄድን። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበረ፣ እናቱን ይዤ እንድመለስ እኔም ተከተልኩ። መንገዱ ካለቀበት በጭቃ በእግር ወረድን። ጸበሉ ከገደል ሥር ይፈልቃል። ጸበልተኛው ከበላዩ ባለው ሜዳ ላይ በላስቲክና በቅጠል ዳስ ሠርቶ ሰፍሯል፤ ሽንት ቤት የለም፤ ዝናቡ ሜዳውን አጥቦ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ይህን ለማየት መማር አያስፈልግም። የሰፈረው ሰው ግን ለሱባዔ እንጂ ውሃ ሊመረምር አልመጣም።

አማቴን ዳሱ ውስጥ ከሴትዮዋ ራስ አጠገብ አገኘናቸው። ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን ደኅና ነው። ሴትዮዋ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ከንፈሯ ደርቋል። አማቴ በእጃቸው ያጥቧታል፣ ያገላብጧታል፣ መልሰው በዚያው እጅ የባቄላ አሹቃቸውን ያነሳሉ። ልጃቸው ይህን ሲያይ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ «እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ» አላቸው።

«ሱባዔዬን ማን ይጨርስልኝ?»

«ይህ በሽታ ነው እማዬ። ከዚህ የሄዱ ሰዎች ሞተዋል።»

«ይቺስ? ጥያት ልሂድ? ዘመድ የላት።»

ላፕቶፑን አልያዘም እንጂ ካርታው ስልኩ ላይ ነበር፤ አውጥቶ አሳያቸው። እሳቸው ራቅ አድርገው ቀያዮቹን ነጥቦች ተመለከቱና «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ ጨርቁን አንስተው የሴትዮዋን አፍ መጥረግ ቀጠሉ። እንደማይነሱ ገባኝ። እሱም ገብቶታል። ያለአስተዳዳሪው ቄስ ፈቃድ ሜዳው ላይ ያለ ሰው አንድም እንደማይነሳ፣ እናቱም ከማንም በኋላ እንደሚነሱ አውቆ ወደ አባ ሄደ።

አባ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ዲያቆናት ከበዋቸዋል። ባለቤቴ መስቀል ተሳልሞ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ተናግሮ፣ ነገሩን አስረዳቸው። በትዕግሥት ሰሙት።

«ጸበሉ ሰው አይገድልም፣ ልጄ» አሉ።

«ገደለ አላልኩም አባታችን። ሰዉ ከምንጩ በላይ ነው የሰፈረው፤ ዝናቡ የሰዉን እድፍ ሁሉ ይዞ ይወርዳል ነው የምለው።» በጂፒኤስ የያዘውን የሜዳውንና የምንጩን ከፍታ ስልኩ ላይ አሳያቸው።

አባ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ። «ሜዳው ከላይ መሆኑንማ ያለስልክም አየዋለሁ። ጋራው ከናንተ መሥሪያ ቤት በፊት ነው የተፈጠረው።»

ዲያቆናቱ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ መሳቁ ጠቀመው። አባ ፊታቸው ለዘብ አለና ሞቱ የሚላቸው እነማን እንደሆኑ ጠየቁት፤ እዚህ የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ሁሉም በእግሩ እንደተሸኘ ነገሩት። እሱ ከስልኩ ላይ የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ አነበበላቸው። አባ በእያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱንም አያውቁትም። እነዚህ ሰዎች እኔ ዘንድ አልመጡም አሉ። ውሸት አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

ባለቤቴ ስሞቹን ስልኩ ላይ መልሶ አያቸው። እኔም መሥሪያ ቤቱ ተሳስቶ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ቆይቶ አንገቱን ነቀነቀና ወደ ጋራው መውጣት ጀመረ፤ ኔትወርክ ታች የሚይዘው አልፎ አልፎ ነው፣ ሳይቋረጥ የሚገኘው እዚያ አናት ላይ ብቻ ነው። እየተከተልኩ ምን ሆንክ አልኩት። «በክርስትና ስማቸው ነዋ የሚያውቋቸው» አለኝ ሳይዞር። እውነት ነው፤ ጸበል ቦታ ሰው በቤቱ ስም አይጠራም። ይጠመቃል፣ ይጸለይለታል፣ ይሸኛል፣ ሁሉም በክርስትና ስሙ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የክርስትና ስም አይመዘግብም። ሁለቱ መዝገቦች ስለ አንድ ሰው ቢሆኑም አይተዋወቁም።

አናቱ ላይ ዝናብ እያካፋ ነበር። እኔ ጃንጥላ ያዝኩለት፣ እሱ ደወለ። አንዳንዱን ቤተሰብ ሠራተኞቹ ጠየቁለት፤ አንዳንዱን ራሱ አገኘ። ከደምበጫ በኩል ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ድምፁ ለኔም ይሰማኝ ነበር። የክርስትና ስሟን ሲጠየቅ «ለፍታት ነው ወይስ ለመንግሥት?» አለ።

«ላጠመቋት ካህን ነው ወንድሜ» አለው ባለቤቴ።

ሰውዬው ስሟን ነገረው። ከዚያ ስልኩን አልዘጋውም፤ ሲያለቅስ ሰማነው። ባለቤቴም አልዘጋበትም፤ ሰውዬው ራሱ እስኪዘጋ ጠበቀ።

ስንመለስ አባ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እሱ አዲሶቹን ስሞች አነበበላቸው። መጀመሪያ ራሳቸውን መነቅነቅ ተዉ። የደምበጫዋ ስም ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ድገምልኝ።»

ደገመላቸው።

«ይቺን እኔው ነኝ ያጠመቅኋት። ድናለች ብዬ ነው የሸኘኋት።»

የቀሩትንም እንዲያነብ አዘዙት። ዓይኑን የሚያመው፣ ሁለት ልጆች ይዛ የመጣችው እያሉ እያንዳንዱን ለዩ። ሲጨርስ ምን እንዲያደርጉለት እንደሚፈልግ ጠየቁት። እሱ ጸበሉን መዝጋት እንደማይፈልግ፣ መድኃኒትም እንደማይጨምርበት ነገራቸው። ሰው ከሜዳው ተነሥቶ ከምንጩ በታች ይስፈር፤ ሽንት ቤት ይቆፈር፤ ለጊዜው የሚጠጣው በጀሪካን የሚመጣ የታከመ ውሃ ብቻ ይሁን፤ ያስመለሰው ሰው ሁሉ ወደሚተከለው የሕክምና ድንኳን ይምጣ። አባ የመጨረሻው እንደሚከብድ አወቁ። «ወጣልኝ ብሎ ደስ ያለውን ሰው ታመሃል ልበለው?» አሉ።

ቅዳሴ ሲወጣ አባ ራሳቸው ለሕዝቡ ተናገሩ። የሞቱትን በክርስትና ስማቸው ጠርተው ጸሎት አደረሱላቸው፤ ሰዉ ጸጥ አለ፤ አብረዋቸው የሰነበቱ ነበሩበት። ቀጥለው ያሉት እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። «ያስመለሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ይውረድ። ርኩስ መንፈስ ከሆነ ግሉኮስ አያድነውም፤ ተመልሶ ወደኔ ይመጣል። በሽታ ከሆነ ግን እዚያው ይድናል።» ሰዉ ይህን ሲሰማ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ባለቤቴ ተመልሶ ጋራውን ወጣና ደወለ፤ ድንኳኑና ነርሶቹ በዚያው ቀን መጡ። ሴትዮዋን በቃሬዛ አወረዷት። አማቴ ከኋላዋ ወረዱ፤ እሺ ብለው ሳይሆን እሷን ተከትለው ነው። እሷ በማግስቱ አረፈች። አማቴ ዓይኗን ሲከድኑላት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሐዘን መስሎኝ ነበር፤ ጥቂት ቆይተው ራሳቸው ወደቁ።

ልጃቸው ሲያነሳቸው ፊቱ ምንም አያሳይም። የደም ሥራቸው አልገኝ ስላለ ነርሷ ግሉኮሱን ሞክራ ሞክራ ተወችው፤ በአፍ ይጠጡ አለች። የሚጠጣውን የጨውና የስኳር ዱቄት በጥብጣ በኩባያ ሰጠችኝ። ወደ አፋቸው ሳስጠጋው አፋቸውን ገጠሙ።

«እማማ፣ ይጠጡ እንጂ።»

«ቅዳሴ ሳይወጣ?»

ገና ረፋድ ነበር። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ነርሷ እስከዚያ አይቆዩም ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ልጃቸው ተንበርክኮ ለመናቸው። ከሰውነታቸው ምን ያህል ውሃ እንደወጣ፣ በየስንት ደቂቃው መጠጣት እንዳለባቸው፣ ያልጠጡት ምን እንደሆኑ ነገራቸው፤ የሚያውቀውን ሁሉ ነገራቸው። እሳቸው ራሳቸውን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዞሩ። ያን ጊዜ ኩባያውን ከእጄ ወሰደና በግድ ሊያጠጣቸው ሞከረ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ያዙ፣ ውሃው በአንገታቸው ፈሰሰ። ኩባያውን አስቀምጦ ወጣ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ሲሮጥ በድንኳኑ ቀዳዳ አየሁት።

አባ ለቅዳሴው ሲሰናዱ ነው የደረሰባቸው፤ ትተውት መጡ። አማቴ አባን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ።

«ሱባዔዬ ሊፈርስብኝ ነው አባቴ።»

«አይፈርስም። ይህ መድኃኒት ነው። እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ጠጪ» አሉና ኩባያውን ራሳቸው ያዙላቸው።

ጠጡ። አስመለሳቸው። አባ ደግመው ያዙላቸው፤ ደግመው ጠጡ። የዚያን ቀን ቅዳሴው ዘግይቶ ገባ፤ ማንም አላጉረመረመም። ባለቤቴ ከድንኳኑ ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። ስልኩ ጮኸ። ከአንዲት ቀበሌ ሠራተኛ ነው። አፍንጫውን በእጁ ጠርጎ አነሳው። «ቀጥይ፣ እየጻፍኩ ነው» አላት፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነበር።

ከዚያ በኋላ ከዚያ ጸበል የሚነሣ አዲስ ነጥብ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ቅጹ ግን አልተለወጠም። እሱ እስከ መጨረሻው በቃል ነበር የሚያስጠይቀው፦ የት ሰነበተ፣ የክርስትና ስሙስ ማን ነው እያለ። ወጣቶቹ ባለሙያዎች ይስቁበት ነበር ይባላል።

አማቴ ዛሬ ከኔ ጋር ናቸው። ልጃቸውን ኩላሊት ወሰደብን፤ እሳቸው በምርኩዝ አሉ። ስለ ሞቱ ብዙ አናወራም።

በዚያ ክረምት ጾሙ ሲፈታ ነው ከጸበሉ ያመጣናቸው። እስከ መኪናው ድረስ ሰው ደግፏቸው በእግራቸው ወጡ። እኔና እሳቸው ከኋላ ተቀመጥን፣ እሱ ከሾፌሩ ጎን። ሴትዮዋ የሚያስታውሳት ዘመድ ስለሌላት ተዝካሯን ማን ያወጣል እያሉ ጥቂት ተጓዙ፣ እኛ እናወጣለን አልኳቸው። ቁይን አልፈን መንገዱ ሲስተካከል ትከሻዬ ላይ ተኙ። እሱ በየጊዜው እየዞረ ያያቸዋል። «ተኝተው ነው» እለዋለሁ። «አውቃለሁ» ይለኛል፤ ደግሞ ይዞራል።